ቡና ማሽኑ ጋ የተወሰነ ነገር

ማክሰኞ ጠዋት ነው። በርሊን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ የስብሰባ ክፍል ስድስት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ከፖርቶ፣ አንዷ ከክራኮቭ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ። የአዲስ አበባው ልጅ ካሜራውን ስለዘጋ ፊቱ አይታይም፤ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ስሙ ብቻ ተጽፏል። ከክፍያ ሲስተማችን አንዱን ክፍል እንደ አዲስ እንዲጽፈው ተነጋገርን። «እሺ፣ ሐሙስ ይደርሳል» አለ። ስብሰባው አለቀ፣ ስክሪኑ ጠፋ።

ስድስታችን ወደ ቡና ማሽኑ ሄድን። ማሽኑ ወተት እስኪያሞቅ ባለችው ሦስት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ባልደረባዬ «ቆይ፣ ይህንን ራሳችን ከምንጽፈው ዝግጁ የሆነውን ላይብረሪ ለምን አንጠቀምም?» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሌላው አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፣ መልስ አገኘ፣ ሁላችንም ተስማማን። ሥራው ተሰረዘ። ማንም ክፋት አልነበረበትም። እያንዳንዱ ሌላው የሚነግረው መስሎት ኩባያውን ይዞ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት የአዲስ አበባው ልጅ ንጹሕ፣ በደንብ የተፈተነ ኮድ ላከልን። ረቡዕ ማታ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የመጨረሻውን ክፍል የሠራው በስልኩ ዳታ ነው። ኮዱን ማንም አልከፈተውም።

ቡድኑን የምመራው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምከሰው ሌላ ሰው የለኝም።

እኔ አምስት ኪሎ ተምሬ፣ ማስተርሴን ስዊድን ሠርቼ፣ አሁን ጀርመን በሶፍትዌር መሐንዲስነት የምሠራ ሰው ነኝ። የዚህን መሥሪያ ቤት ሥራ ስጀምር እኔም በርቀት ነበርኩ። ስቶክሆልም ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ቤቴ ሆኜ፣ በርሊን ያሉት በሳቅ ሲፈነዱ እሰማለሁ፤ ቀልዱን ግን አልሰማም። ማይክሮፎኑ ጠረጴዛው መሀል ስለሆነ ሳቁ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። «ምንድን ነው ያሳቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል፤ እኔም ፈገግ ብዬ እጠብቃለሁ። ይህንን ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። ከዚያ ወደ በርሊን ተዛወርኩ፣ ከሚስቁት አንዱ ሆንኩ፣ በሦስት ወር ውስጥ ስክሪኑ ውስጥ ሰው እንዳለ ረሳሁ። እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደረሳሁት እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ግን አንብቤ ተረድቻለሁ። ኤምአይቲ ያስተምር የነበረው ቶማስ አለን በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ የምርምር መሐንዲሶች ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ለክቶ አሳይቷል። በሁለት ሰዎች ወንበር መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር የሚነጋገሩበት ዕድል በፍጥነት ይወድቃል፤ ከ50 ሜትር ገደማ በኋላ ሌላ ከተማ ያሉ ያህል ይሆናል። ኢንተርኔት ይህን ያፈርሰዋል ብለን ነበር። ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ያሉ 61,182 ሠራተኞቹ በ2020 መጀመሪያ ወራት ወደ ቤት ሲገቡ የግንኙነታቸው መረብ ምን እንደሆነ አጥንቶ በ2021 አሳትሟል። ሰው ከራሱ ቡድን ጋር ይበልጥ ተጣበቀ፣ ከሌላው ቡድን ጋር ያለው ክር ሳሳ።

ለእኔ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ናታሊያ ኢማኑኤል፣ ኤማ ሃሪንግተን እና አማንዳ ፓሌይስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በአንድ ትልቅ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲሶች ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። ቡድናቸው በሙሉ አንድ ሕንፃ ውስጥ የሆነ መሐንዲሶች፣ ቡድናቸው በሁለት ሕንፃ ከተከፈለባቸው ይልቅ በኮዳቸው ላይ ብዙ አስተያየት ያገኙ ነበር። ኮድ ሪቪው እኮ በጽሑፍ፣ በኮምፒውተር የሚደረግ ነገር ነው! የትም ተቀምጠህ ልትጽፈው ትችላለህ። ሆኖም ሰው አጠገቡ ላለው ነው የሚጽፈው። ይበልጥ የሚጎዳውም አዲሱና ጀማሪው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉም አለ። እሱና ባልደረቦቹ በቻይናው የጉዞ ወኪል ሲትሪፕ የስልክ መልስ ሰጪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ከቤት ሲያሠሩ፣ የቤቶቹ ሥራ በ13 በመቶ በለጠ። በሥራው ውጤት ልክ ሲታይ ግን ዕድገት ያገኙት ከቢሮዎቹ ያነሱ ነበሩ። በኋላ በዚያው ኩባንያ በ1,612 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2024 የታተመው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት የሠሩት ሥራ የመልቀቅ ነገራቸው በሲሶ ቀነሰ፣ በዕድገት በኩልም ምንም አልተጎዱም። እኔ ሁለቱን አብሬ ሳነባቸው የምረዳው፣ ርቀት በራሱ ሥራን እንደማይገድል ነው። ችግሩ አንዱ ሁልጊዜ እዚያ፣ ሌላው ሁልጊዜ እዚህ ሲሆን ነው። ሁሉም ከቤት ከሆነ ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም ቢሮ ከሆነ ሁሉም ይሰማል፤ ድብልቁ ላይ ነው ሰው የሚጠፋው።

አለቆች ለዚህ ያገኙት መልስ «ሁላችሁም ወደ ቢሮ» የሚል ነው። አማዞን ከጥር 2025 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቹን አምስቱንም ቀን ጠርቷል፤ ሲያትል ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ላለ ልጅ ግን «ወደ ቢሮ ና» ማለት ምን ማለት ነው?

ልጁን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ መሆኑን አውቅ ነበር። አለቃዬ ያኔ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ኢንተርኔት ቢዘጋስ?» ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። በሰኔ 2012 መጨረሻ አገሪቱ በሙሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ስትቀር ዜናው እዚህም ተሰምቷል። «ለእሱ እኔ አለሁ» አልኩ። ምን ማለቴ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ኢንተርኔት አልቀጥልለት። ብቻ ተቀጠረ። ተቀጠረ ስል በኮንትራክተርነት ነው፤ ይህች ቃል በኋላ ዋጋ አስከፍላለች።

የመጀመሪያው ችግር ካሜራው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ የበርሊን ባልደረባዬ ለብቻዬ ጠርቶኝ «ይህ ሰው ግን በእርግጥ ስብሰባው ላይ ነው?» አለኝ። ልጁን ስጠይቀው፣ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ስለሚጠፋ በስልኩ ፓኬጅ እንደሚገናኝ፣ ቪዲዮው ዳታውን ስለሚበላውና ድምፁን ስለሚያቆራርጠው እንደሚዘጋው ነገረኝ። «ለምን አልነገርካቸውም?» ስለው «ሰበብ የምደረድር እንዳይመስላቸው ነው» አለ። ይሉኝታ። እኛ ይህን ቃል ስንሰማ ሙሉ ሰው ይታየናል፤ በርሊን ያሉት ግን ያዩት ጥቁር ሳጥን ነው።

«እሺ» የምትባለውም ቃል እንዲሁ ናት። የእኛ «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቼሃለሁ» ማለት ነው። በስብሰባው ላይ «ኦኬ» ብሎ ሲተረጉማት ጀርመኖቹ «ተስማምቷል፣ ጥያቄ የለውም» ብለው ይጽፋሉ። ጥያቄውን ከስብሰባው በኋላ በቴሌግራም፣ በአማርኛ፣ ለእኔ ይልክልኛል። እኔም ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። ትልቁ ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ። የአገሬን ልጅ የረዳሁ መስሎኝ በእሱና በሌሎቹ መካከል እንደ ቧንቧ ቆምኩ። የሚጠይቀው እኔን፣ የሚመልስለት እኔ፣ ኮዱን የሚያይለት እኔ። እንዲህ ሆኖ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ በቀር በቅጡ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ወገንነታችን ምቹ ነበር፤ ምቾቱ ግን ከሌሎቹ ጋረደው።

(ሁለታችንም እንኳ ሁልጊዜ አንግባባም ነበር። አንድ ቀን «ነገ 9 ሰዓት ላይ እንነጋገር» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩለት። እኔ የበርሊን ጠዋት ነው፤ እሱ ደግሞ ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ የኢትዮጵያ 9 ሰዓት ብሎ ወሰደው። ተኝቶ ነው ብዬ ስቆጣ ዋልኩ፣ ከምሳ በኋላ በሰዓቱ ደወለ። ፖርቱጋላዊውና ፖላንዳዊቷ በዚህ ተሳስተው አያውቁም።)

አንድ ቀን ብቻ ነው ነገሩ የተለወጠው። መሥሪያ ቤቱ «የቪዲዮ ቡና ሰዓት» የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ አርብ 20 ደቂቃ፣ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል። አይነሳ። ዘጠኝ ሰው ተፋጥጦ ስለ አየር ጠባይ ያወራል። በተራዬ ቀን ከቤት ሆኜ ካሜራው ፊት ቡና ልቆላ ተነሳሁ። ጭሱን ላሳያቸው ብዬ ምጣዱን ከፍ ሳደርግ የጣሪያው የጭስ ማስጠንቀቂያ መጮህ ጀመረ፤ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ ሁሉም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባው ልጅ ካሜራውን ከፈተ። ከኋላው እናቱ ጫጫታውን ሰምተው ብቅ አሉ፣ «ደህና ናችሁ ልጆቼ?» አሉ፣ ቆይተው ደግሞ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ቡናው አረረ!» አሉኝ። ስተረጉመው ሌላ ሳቅ ሆነ። ሰዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት «እናትህ እንዴት ናቸው?» ይሉት ነበር።

እኔም ችግሩ የተፈታ መሰለኝና ተውኩት።

ከዚያ የቡድኑ ጉዞ መጣ። በዓመት አንድ ጊዜ ሁላችንም በአካል እንገናኛለን፤ በ2024 ፖርቱጋል ይሁን ተባለ፣ ቀኑ ከአምስት ሳምንት በፊት ተነገረ። ለፖርቶው ልጅ ባቡር ነው፣ ለእኛ የሦስት ሰዓት በረራ። ለአዲስ አበባው ልጅ ግን የሸንገን ቪዛ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ ገደብ ጥሎ፣ መደበኛውን የ15 ቀን የማመልከቻ ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሞት ነበር። አምስት ሳምንት 35 ቀን ነው። ይህን ስሌት ቀኑ ሲወሰን ከእኛ መካከል ያሰበው የለም፤ እኔም ጭምር፣ ያውም በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ የማውቅ ሰው። «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ዓመት» አልነው። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ባሕር ዳርቻ ላይ የተነሳነውን ፎቶ ስላክ ላይ ለጠፍነው። እሱም የልብ ምልክት አደረገበት። የእሱን ቲሸርት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ልሰጥለት አስቀመጥኩ።

በመከር ወጪ ይቀነስ ተባለ። አለቃዬ ዘጠኙንም ሰዎች፣ ምን እንደሠሩና ለቡድኑ ምን እንደሆኑ፣ በደረጃ ጽፌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ቁጭ ብዬ ስጀምር በርሊን ስላሉት ብዕሬ ይሮጣል። እገሌ ሲስተሙ በወደቀበት ሌሊት ቢሮ እንዳደረ፣ እገሊት አዲስ ገቢዎቹን እንዴት እንዳስተማረች፣ ሁሉም ታሪክ አለው። የአዲስ አበባው ልጅ ላይ ስደርስ የነበረኝ የትኬት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ ከአንዳንዶቹም ይረዝማል። ታሪክ ግን አልነበረውም። ያቺ የተሰረዘችው ሥራ እንኳ «ያልተጠቀምንበት» ተብላ ነው የተመዘገበችው። የቻልኩትን ጻፍኩ። አነሰ። ኮንትራክተር ስለሆነም ድርድርና የመልቀቂያ ክፍያ አያስፈልገውም፤ የእሱን ስም ማጥፋት ከሁሉም ቀላሉ ነበር።

የተነገረው በ15 ደቂቃ የቪዲዮ ስብሰባ ነው። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ይደረጋል። ውጭ የምንኖረው እንኳ ይህንን አልተውነውም፤ መጀመሪያ የሚደወለው ለጓደኛ ነው፣ እሱ ሰው ይዞ ይመጣል። ሥራ ማጣት ሞት አይደለም፣ ይገባኛል። ግን ያን ቀን ስክሪኑ ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከወረቀት ስታነብ፣ እሱ ካሜራውን ከፍቶ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሲሰማ፣ አጠገቡ ማንም አልነበረም። «እሺ» አለ። ያችኑ «እሺ»።

ማታ በቴሌግራም ደወልኩለት። ይወቅሰኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «አንተ ምን ታደርግ» አለኝና ትንሽ ዝም ብሎ «የቡናውን ቀን ታስታውሳለህ? ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሰው ሁሉ በቀጥታ ይጽፍልኝ ነበር። ኮዴ ላይ ይከራከሩኝ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ቆመ» አለ። እኔ መቆሙን አላስተዋልኩም ነበር።

ከእሱ በኋላ የለወጥናቸው ነገሮች አሉ። ቀድመው ቢሆኑ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ለማንኛውም ልንገራችሁ። አንድ ሰው በርቀት ከሆነ ስብሰባውን ሁላችንም በየራሳችን ላፕቶፕ እንገባለን፣ ቢሮ ያለነውም ቢሆን። ቢሮ የሌለው ጊትላብ ለሁሉም ክፍት ባደረገው የአሠራር መመሪያው ይህንን አጥብቆ ይመክራል። መጀመሪያ ሞኝነት ይመስላል፣ አጠገብህ ያለውን ሰው በስክሪን ማየት። ግን ሁሉም እኩል ሳጥን ሲሆን የጎን ሹክሹክታ ይቀራል። ቡና ማሽኑ ላይ ደግሞ «እዚህ የተወሰነ አልተወሰነም» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። ውሳኔ የሚሆነው ተጽፎ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ነው። አንዱ ባልደረባዬ «ለሁለት ሰው ብለን ስድስታችን እንዘግይ?» ብሎ ተከራክሮኛል፤ ክርክሩ ባዶ አይደለም፣ እውነትም ዘግይተናል። በዚያ ላይ ቢሮ ያሉት የማይቆጠርላቸው ሸክም አለባቸው፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ያው ባልደረባዬ ልጅ ወልዶ ሁለት ወር ፈቃድ ወጥቶ ሲመለስ ግን ምን እንደተወሰነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ቁጭ ብሎ አነበበ። ከዚያ ወዲህ አልተከራከረም።

የቪዲዮ ቡናውን ተውነው። በምትኩ በሳምንት አንድ ሰዓት አንድ የቢሮና አንድ የርቀት ሰው፣ በየሳምንቱ እየተቀያየሩ፣ አንድ ኮድ ላይ አብረው ይሠራሉ። ሰው ሥራ እየሠራ ነው የሚያወራው፤ ተቀመጥና አውራ ሲሉት ይደርቃል። በጉዞው ቀን ጉዳይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ቀኑ ከእሱ ተነስቶ ይቆጠራል።

ከአገር ቤት ሆናችሁም ሆነ ከሌላ ከተማ በርቀት ለምትሠሩ፣ ወይም ተመርቃችሁ ልትጀምሩ ላላችሁ፣ የምለው ትንሽ ነው። ካሜራችሁ ለምን እንደተዘጋ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ሰበብ አይደለም፣ መረጃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የአገራችሁን ሰው ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ኮዳችሁን ሌላ ሰው እንዲያየው ጠይቁ። በየወሩ የሠራችሁትን፣ ለምን እንደከበደና ማንን እንደጠቀመ ጭምር፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለአለቃችሁ ላኩ። ጉራ ይመስላችኋል። እኔ ያን ምሽት ደረጃ ስጽፍ እንዲህ ዓይነት አንድ ገጽ እጄ ላይ ቢኖር የምጽፈው ሌላ ነበር።

ልጁ አሁን ሁሉም በርቀት በሚሠራበት ሌላ ኩባንያ ውስጥ ነው፣ ደህና ነው። ቲሸርቱ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ሻንጣ ውስጥ ከርሞ፣ ከተሰናበተ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰው። ለብሶት ፎቶ ላከልኝ፤ ያነሱት እናቱ ናቸው፣ ጭንቅላቱ ግማሹ ተቆርጧል። ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስምና «አንድ ቡድን» የሚል ጽሑፍ አለበት። ከሥር «ለሌሊት ልብስ ይሆነኛል» ብሎ ጽፏል።